ማሰሪያ አንቀጽ ፍለጋ

እኛ በተፈተንነው ማትሪክ፣ የእንግሊዝኛው ወረቀት አንድም ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ አልጠየቀንም። ባዶ ቦታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፤ ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረደራል፤ ትክክለኛውን መርጦ በመልስ መስጫው ወረቀት ላይ ማጥቆር ነው። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ፣ ዕጣው የሚወሰንበት ቀን ሲደርስ በዚያ ቋንቋ የራሱን አንድ ሐሳብ ማቆም ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው አልነበረም። ከመላ አገሪቱ የሚጎርፈውን ተፈታኝ በእጅ አርሞ መጨረስ እንደማይቻል ይገባኛል። ችግሩ ፈተናው ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ምንም አልነበረም። የሰዋስው ትምህርታችን ራሱ መልኩን የወሰደው ከዚያ ፈተና ነበር። መምረጥን ተማርን፤ መሥራትን አልተማርንም። እኔ መሥራትን የተማርኩት አንድ መምህር ስለገጠሙኝ ነው።

ሰዋስው አልጎደለብንም፤ እንዲያውም ሞልቶ ተርፎ ነበር። ጊዜው የደርግ ዘመን ማብቂያ ነው። በጎጃም አንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የሚባለውን መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተጋራን እንማራለን። ሰሌዳው ላይ ቀመር ይጻፋል፦ ሰብጀክት ሲደመር ሃቭ ወይም ሃዝ፣ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል፣ ፕረዘንት ፐርፌክት ይሆናል። ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወጥተን እንግሊዝኛ ስንገባ የምንገለብጠው ነገር መልኩ አይለወጥም ነበር። ኢፍ ክሎዝ ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ፤ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ መለወጥ፤ ዳይሬክት ስፒችን ወደ ኢንዳይሬክት መገልበጥ። ያለፉ ዓመታት የማትሪክ ፈተናዎች በስቴንስል ተባዝተው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ጎበዝ የሚባለው ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ መልሱን የሚያውቅ ነው። ያንኑ ጎበዝ «ለዘመድህ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍ» ቢሉት ግን ከሰላምታው አልፎ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የያዘውን ሰዋስው ለምን እንደያዘው የነገረው ስለሌለ ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተዋለው እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ነበር። አጎቴ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ በወጣትነታቸው ዋሸራ ወርደው ቅኔ የተማሩ ናቸው። በኋላ ትዳር ይዘው እርሻ ገቡ እንጂ አፋቸው ከግዕዝ ተለይቶ አያውቅም። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ሲ፣ ሶው፣ ሲን፤ ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» እያልኩ ሳነበንብ ጥግ ይዘው ያዳምጡኛል። አንድ ምሽት ቆይተው ቆይተው፣

«ይኸ የምትለው ግስ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ የእንግሊዝኛ ግስ ነው።»

«መቼም ይዘኸዋል፤ ጥሩ አድርገህ ይዘኸዋል። ታዲያ ምን ቆጠርህበት?»

መልስ አልነበረኝም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቁ ግን ተፈጥሯዊ ነው። በቅኔ ቤት ሰዋስው ብቻውን ተምሮ የሚያድር ነገር አይደለም። ተማሪው ከቀተለ፣ ከቀደሰ ተነሥቶ ግሱን ያጠናል፣ አገባቡን ይሰማል፤ ሲነጋ ደግሞ ደበሎውን ደርቦ ከዛፍ ሥር፣ ከመቃብር ቤት ጥግ፣ ከጫካ ዳር ይቀመጥና በተማረው ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያደገ እያደገ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ ከየኔታ ፊት ይቆምና ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፤ ግሱ ያልተስማማበትን፣ ዘርፉ ከባለቤቱ የተጣላበትን እዚያው ያቃናሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ቅኔ መቁጠር አለበት፤ የዛሬው ነገ አይነገርም። ሰዋስውና ድርሰት በአንድ ቀን ውስጥ፣ በአንድ ሰው አፍ ላይ ይገናኛሉ። ዋሸራ፣ ዋድላና ጎንጅ ስማቸው የተጠራው በዚህ ሥርዓት ነው። እኛ ዘመናዊ የተባለውን ትምህርት ስንማር ይህን ያህል የቆየ የማስተማር ብልሃት በደጃችን እንደነበረ አንድም ሰው አላነሣልንም።

11ኛ ክፍል ስንገባ አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር መጡ። ጎልማሳ ነበሩ፤ ራሳቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የሰላም ጓድ አሜሪካውያን አስተምረዋቸዋል። እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤት የነገሠው ጣልያን ከወጣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የፈረንሳይኛው ተራ ነበር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ሲመጡ ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። መምህራችን ስለ እነዚያ አስተማሪዎች ሲያወሩ የሚያነሡት አንድ ነገር ነበር፤ በየሳምንቱ ያጽፏቸው እንደነበር። ቀመር አላስታወሱም፤ የጻፉትን ያስታውሱ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘግተው አስቀመጡና ሰሌዳው ላይ በአማርኛ ይህን ጻፉ፦ «ገበሬው ማልዶ ተነሥቶ፣ በሬዎቹን ጠምዶ፣ እስከ ቀትር አርሶ፣ ሚስቱ ያመጣችለትን ምሳ ዋርካ ሥር በልቶ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ ተመልሶ ወደ እርሻው ገባ።» የእንግሊዝኛ መምህር አማርኛ ሲጽፍ አይተን ስለማናውቅ ተያየን።

«ማሰሪያ አንቀጹ የቱ ነው?» አሉን።

«ገባ።»

«ገባ የሚለውን በእጄ ብሸፍነውስ? ገበሬው ምን አደረገ?»

ዝም አልን። ማልዶ ተነሥቶ፣ ጠምዶ፣ አርሶ፣ በልቶ፤ ሁሉም ተንጠልጥሎ ቀረ። የመጨረሻዋ ቃል ካልመጣች ነገሩ አልተፈጸመም፤ «አልገባም» ብትሆን ደግሞ ያ ሁሉ ድካም ወደ ሌላ ታሪክ ይዞራል። መምህራችን እንዲህ አስረዱን፦ አማርኛ ጭነቱን ሁሉ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ከደረደረ በኋላ መጨረሻ ላይ በአንድ ጠፍር ጥፍር አድርጎ ያስረዋል፤ እንግሊዝኛ ግን ጠፍሩን የሚያጠብቀው ገና ሁለተኛውን ዕቃ ሳይጭን ነው። ባለቤቱን ይጠራል፣ ወዲያው ግሱን ያስከትላል፣ የቀረውን ከኋላ ያንጠለጥላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው አፉን ሳይከፍት ማን ምን እንዳደረገ መወሰን አለበት። እየሄድኩ አስብበታለሁ ማለት አይችልም።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ እንድናሻግረው አዘዙን። አብዛኛው ክፍል ያደረገውን መገመት አይከብድም። «ኤንድ» እያለ ስድስቱን ግሶች በአንድ ገመድ ጎተታቸው፤ ሌላው ደግሞ በነጠላ ሰረዝ ብቻ አያያዛቸው። መምህራችን ይህንን ስህተት ብለው አልጀመሩም። የአማርኛው ቦዝ አንቀጽ፣ ያ «ተነሥቶ፣ ጠምዶ፣ አርሶ» የሚለው ሰንሰለት፣ በእንግሊዝኛ እንደ እኛ ረዝሞ እንደማይሄድ፣ ስለዚህም መምረጥ ግድ እንደሚሆን ነገሩን። ከስድስቱ ድርጊቶች የትኞቹ ናቸው በራሳቸው የሚቆሙት? የትኞቹ ናቸው በ«አፍተር» ወይም በ«ዌን» ሥር የሚገቡት? ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ ይቆረጥ? ይህ ምርጫ ከፈተናው ምርጫ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኤም ቢም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የትኛው ነገር ይከብዳል በሚለው ላይ ነው።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ ነበረች፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ እምብዛም የማይሰማ። እሷ ዓረፍተ ነገሩን ሦስት አደረገችው፤ መካከለኛውን በሚስትየዋ ጀመረችው። ሚስቱ ምሳውን ይዛ እስከ ዋርካው መጣች፤ ነጥብ። መምህራችን አነበቡትና «ለምን ብቻዋን አቆምሻት?» ብለው ጠየቋት። «በአማርኛው ውስጥ አለች፣ ግን ከምሳው ኋላ ተደብቃለች። እሷም እኮ ከጎሕ ጀምራ ስትሠራ ነው ያረፈደችው» አለች። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሷን ዓረፍተ ነገር ጽፈው በሬዎቹንና ሞፈሩን ወደ ጎን አደረጉና የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሱ ላይ ብቻ አሳለፍን። አንድ ሰው ባለቤት ሲሆንና ቅጽል ውስጥ ሲገባ በአንባቢ ዓይን የሚኖረው ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ በዚያን ቀን ተረዳሁ። ከዚያ በፊት «ሰብጀክት» ማለት ለእኔ ቀመር ውስጥ የመጀመሪያው ሳጥን ነበር።

የመምህራችን ትልቁ ስጦታ ግን ስህተቶቻችን ከየት እንደሚመጡ ማሳየታቸው ይመስለኛል። ከክፍሉ ግማሹ «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦውት ኢት» እያለ ይጽፍ ነበር። ሌሎች መምህራን «ኢት»ን በቀይ ሰርዘው ያልፋሉ። እሳቸው ግን «የገዛሁት መጽሐፍ» ብለው ጻፉና መጨረሻዋ ላይ ያለችውን «ት» ከበቧት። ይህች ፊደል መጽሐፉን ይዛለች፤ አማርኛ ተናጋሪ መጽሐፉን በግሱ ጫፍ ላይ ሳይዝ አያርፍም፤ እንግሊዝኛ ግን «ዊች» ብሎ አንዴ ከያዘው አይደግመውም። «እመጣለሁ አለኝ» የምንለውም እንዲሁ ነው፤ እኛ የተናጋሪውን ቃል ከነአንደኛ መደቡ እንዳለ እንጠብቀዋለን፣ እንግሊዝኛ ወደ ሦስተኛ መደብ ያወርደዋል፣ ጊዜውንም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። «ዲስከስ አባውት» የሚለው «ስለ» ከሚለው የመጣ ነው። «ራሴን አመመኝ» ብሎ የሚያድግ ልጅ በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ቢቸግረው አይፈረድበትም። «ስህተታችሁ የስንፍና አይደለም፣ አማርኛ በደንብ የማወቃችሁ ምልክት ነው» ይሉን ነበር። ይህን የሰማ ልጅ ደብተሩን አይደብቅም።

በ«ዘ» እና በ«ኤ» ላይ ብዙ አልቆዩም። ያ ነገር በማንበብ ብዛት እንጂ በሕግ እንደማይገባ ያምኑ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ እንደሳቸው አምናለሁ።

የሚመኩበት አንድ መጽሐፍ ነበራቸው፤ የሆርንቢ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሦስተኛው እትም፣ ጀርባው በፕላስተር የተያዘ። አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1924 ጃፓን ሄዶ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። መዝገበ ቃላቱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው ለጃፓን ተማሪዎች ሲሆን መጀመሪያ የታተመውም እዚያው ቶኪዮ በጦርነቱ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ኦክስፎርድ ያሳተመው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ለእንግሊዞች የተሠሩት መዝገበ ቃላት ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ይናገራሉ፤ ሆርንቢ ግን ከግሱ በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችልም ይናገራል። ግሶቹን በ25 መዋቅር ከፍሎ በእያንዳንዱ ግስ አጠገብ በአጭሩ ይጠቁማል። «ቪፒ 6ኤ» ካለ ግሱ ቀጥተኛ ተሳቢ ይወስዳል፣ ወደ ፓሲቭም ሊዞር ይችላል ማለት ነው። እኛ «አስረዳኝ» በሚለው ተመርተን «ኤክስፕሌን ሚ» ስንል፣ መጽሐፉ ይህ ግስ ሰውን በቀጥታ እንደማይቀበል፣ «ቱ» የሚል ድልድይ እንደሚፈልግ ያሳየናል።

ያንን መጽሐፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ያውሱኝ ነበር። ግስ በግስ እየሄድኩ ወደ ደብተር ገለበጥኩት። ለጋሼ ሳሳያቸው በጣም ደስ አላቸው። ግስ የዓረፍተ ነገሩ ራስ እንደሆነ፣ ማን ተከትሎት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ እንደሆነ እሳቸው ቀድሞም የሚያውቁት ነገር ነው። «ፈረንጁም ከግስ ይነሣል በለኛ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ በያዝኩት ግስ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድሠራና በአማርኛ እንድፈታላቸው ያዝዙኝ ነበር። ፍቺው ልቅ ከሆነ «ባለቤቱ ወዴት ሄደ?» ይላሉ። እንግሊዝኛዬን ከሚያርሙልኝ ሰዎች መካከል እንግሊዝኛ የማያውቁት ጋሼ አንዱ ነበሩ፤ የሚጠይቁት ጥያቄ የሁሉም ቋንቋ ጥያቄ ነበርና።

ሌላው የመምህራችን ልማድ ከጋዜጣ ማንበብ ነው። «ኢትዮጵያን ሄራልድ» ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ ነው፤ ወደኛ ከተማ ግን ቆይቶ፣ አንዳንዴም በሳምንቱ ይደርስ ነበር። ቀኑ ያለፈበት መሆኑ ለኛ ምንም አልነበረም። አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ያነባሉ፤ በመጀመሪያው እጃችንን አጣጥፈን እንሰማለን፣ በሁለተኛው ጥቂት ቃላት እንጽፋለን። ከዚያ ጋዜጣው ይታጠፍና እኛ አንቀጹን በራሳችን ዓረፍተ ነገሮች መልሰን እንሠራለን። በመጨረሻ የሁለቱን ልዩነት እናያለን፤ ጸሐፊው እዚህ ለምን ቆረጠ? እኛ ለምን ቀጠልን? አንዳንድ ቀን የኛው ይሻላል ይሉ ነበር፤ ለማበረታታት ብለው ሳይሆን ምክንያቱን እየጠቀሱ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በልጅነቱ «ስፔክቴተር» ከሚባለው የለንደን መጽሔት ጽሑፎችን እየወሰደ፣ የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአጭሩ መዝግቦ፣ ለጥቂት ቀን አስቀምጦ፣ ከዚያ መልሶ በራሱ ቃል ይጽፍና ከዋናው ጋር ያስተያይ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ መተረኩን ያነበብኩት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። መምህራችን ከዚያ ያገኙት ይሁን ከሰላም ጓዶቹ አልጠየቅኳቸውም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ፍሬሽማን ኢንግሊሽ ጠበቀን። ስለ አንቀጽ አሠራር፣ ስለ ቶፒክ ሴንተንስ ብዙ ተነገረን። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ግን የማስታውሰው ክፍሉን ሳይሆን የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትን ነው። እዚያ ነው የዊልያም ስትረንክን ትንሽ መጽሐፍ ያገኘሁት፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ለተማሪዎቹ የጻፋትን፣ ኋላ ተማሪው የነበረው ኢ ቢ ዋይት እ.ኤ.አ. በ1959 አስፍቶ ያሳተማትን። ስለ አጭርነትና ስለ ግልጽነት አጥብቃ የምትሟገት መጽሐፍ ናት፤ ትርፍ ቃል ሁሉ እንዲቆረጥ ታዛለች። ለጀማሪ ትጠቅማለች፤ እኔንም ጠቅማኛለች። ሆኖም የመጽሐፏ ሕግ የእንግሊዝኛ ተፈጥሮ ነው ብሎ ማመን ስህተት ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች፣ ኤድዋርድ ጊበንን የመሰሉት፣ ዓረፍተ ነገራቸው ረጅም፣ የተመዛዘነና በሐረግ ላይ ሐረግ የተደረበ ነው፤ እነሱም ግልጽ ናቸው። ማጠር የአንድ ዘመን ምርጫ ነው። ዋናው ነገር የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ሳይሆን፣ ጸሐፊው በመካከሉ ባለቤቱን ጥሎ ይሂድ ወይም ይዞ ይድረስ ነው።

ይህን ያረጋገጠልኝ ዳኛቸው ወርቁ ነው። በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማንበብ የሞከረ ተማሪ አንድ ኢትዮጵያዊ በሁለት ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ላይ ምን ያህል ሊደፍር እንደሚችል ያያል። «አደፍርስ» አንባቢን ያስቸግራል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። እኔ ግን በችግሩ ውስጥ የምሰማው፣ አማርኛን እስከ የት ድረስ መወጠር እንደሚቻል የሚሞክር ሰው ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛው ደግሞ የጸሐፊው ጆሮ የአገሩ ጆሮ ሆኖ ሳለ ግሱና ባለቤቱ ቦታቸውን አይስቱም። ሰዋስው ሰውን ከራሱ አገር አያወጣውም ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር፤ ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንግሊዝኛ አሳምሮ መጻፍ አገርን እንደ መተው የሚቆጥሩ ጓደኞች ነበሩኝ።

ተመርቄ ሥራ ስይዝ ደመወዜ በአብዛኛው የመጣው በእንግሊዝኛ ሪፖርት ከመጻፍና ከማረም ነው። ከየወረዳው የሚመጣው ጽሑፍ በአማርኛ ይጀመርና ለረጂዎች በእንግሊዝኛ ያልቃል። አንድ ክረምት «ማዳበሪያው በወቅቱ አልተከፋፈለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደረሰኝ፤ የእንግሊዝኛው ረቂቅም ያንኑ በፓሲቭ ይዞታል። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ለማትሪክ ቢቀርብ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እኔ ግን ማን ምን አደረገ የሚለው የ11ኛ ክፍል ጥያቄ ታወሰኝና ወደ ላከው ሰው ስልክ ደወልኩ። «ማነው ያላከፋፈለው?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እሱን መጻፍ አይቻልም» አለ። ከብዙ ንግግር በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አገኘ፤ መጋዘኑን የያዘው ክፍል የጭነት መኪና ያቀረበው ዘግይቶ እንደነበር ተጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት መኪናው ቀድሞ መታዘዙን አውቃለሁ። ፓሲቭ ቮይስ መጥፎ ነው የሚል አቋም የለኝም፤ አድራጊው የማይታወቅበት ወይም የማያስፈልግበት ቦታ ሞልቷል። የምለው፣ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ስንገለብጥ በኖርንባቸው ዓመታት ውስጥ ባለቤቱ ሲጠፋ ማን እንደሚጎዳ አንድም ቀን አለመነጋገራችን ያሳዝነኛል።

የእንግሊዝኛው ትምህርት ወደ አማርኛዬም ተመለሰ። የመርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን «የአማርኛ ሰዋስው» እና በ1987 ዓ.ም. የወጣውን የባዬ ይማምን ያነበብኩት ጎልምሼ ነው፤ ያነበብኩትም ሆርንቢ ስለቀሰቀሰኝ ነው። አማርኛን አፍ የፈታሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ከውጭ ሆኜ ሳየው ግን የቦዝ አንቀጹ ሰንሰለት ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው፣ ድርጊቶችን ሳያቋርጥ እያወራረደ አንባቢን እስከ ማሰሪያው ድረስ እንዴት ይዞ እንደሚሄድ አየሁ። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በዜና ላይ የማየው ነገር ስለዚህ ይከነክነኛል። «እየተጣራ ነው» ማለት ሲቻል «የማጣራት ሥራ እየተሠራ ይገኛል» ይባላል። «ተወያዩ» ማለት ሲበቃ «ውይይት ከማድረግ አንጻር» ተብሎ ይጀመርና ማሰሪያው ከመድረሱ በፊት ባለቤቱ ይረሳል። ሕያው የነበረው ግስ ወደ ስም ተለውጦ ይቀመጣል፤ በቦታው «ማድረግ»ና «መሥራት» ብቻቸውን ይደክማሉ። ይህ የተጀመረው በግማሽ የተማርነው የቢሮ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲፈስ ይመስለኛል። እንግሊዝኛውን በደንብ ብንማረው ኖሮ አማርኛችንም ይህን ያህል ባልተጎዳ።

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ሲጀመር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በየክፍሉ ቴሌቪዥን ተተከለ፤ አነጋገሩ የጠራ መምህር ከሳተላይት ያስተምራል። ለመስማት ጠቅሞ ይሆናል። ለመጻፍ ግን የሚሆን አልነበረም፤ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር የተማሪውን ዓረፍተ ነገር አያይም፣ ተማሪው እስክሪብቶውን ሳያነሣ ትምህርቱ ያልፋል። አሁን ደግሞ ስልኩ ያርመዋል። ያቺን ትርፍ «ኢት» ፕሮግራሙ በቅጽበት ያወጣታል፤ ለብዙ ሰውም ትልቅ እፎይታ ነው። ሚስትየዋን ግን ከምሳው ኋላ አውጥቶ አያቆማትም፤ እሷ እንድትታይ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መኖር አለበት።

የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ደብተሯን ሳገላብጥ ሰብጀክት ሲደመር ሃቭ ወይም ሃዝ የሚለው ቀመር እንዳለ ተቀምጧል። መምህራኗን አግኝቼ ስለ መጻፍ ሳነሣ የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ፣ በቀን ስንት ክፍል፣ ማን አርሞ ይጨርሰዋል? እውነታቸውን ነው፤ ሸክሙን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው በቀላሉ የሚመክራቸው። እኔ የነገርኳቸው የኛ መምህር ያደርጉት የነበረውን ነው። የኛም ክፍል የተጨናነቀ ነበር። በየሳምንቱ ሁላችንም አንድ አንቀጽ እንጽፋለን፤ እሳቸው የሚሰበስቡት ግን የአንድ ረድፍ ደብተር ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት የሚያርሙት ነገርም አንድ ብቻ ነው፤ ማሰሪያ ከሆነ ማሰሪያ፣ ተውላጠ ስም ከሆነ ተውላጠ ስም፤ ሌላውን ስህተት ሁሉ አይተው ያልፉታል። ያልተሰበሰበበት ረድፍ ከጎኑ ካለው ጋር ደብተር ይለዋወጥና ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጭረት ይደረጋል፣ ጸሐፊው ጭረቱን አይቶ ራሱ ያቃናል። እንዲህ እየተዟዟረ የሁሉም ደብተር በወር አንድ ጊዜ ከእሳቸው እጅ ይገባ ነበር። ከመምህራኑ አንዷ ይህን በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና፣ ከኋለኛው ረድፍ ብጀምር ይሻላል አለችኝ፤ ፊት የሚቀመጡት ሁልጊዜ ቀድመው የሚታዩ ናቸው።